ቆማ የምትበላዋ ሴት

ተኚልኝ እርግቤ፣ ወፍጮውም ተኝቷል፤
ም… ም… ም… ም… ም… ም…
አባትሽ ከገበያ ማር ይዞ ይመጣል።

እንዲህ ነበር የምታንጎራጉረው። የመጀመሪያው ስንኝ ይመጣላታል፣ ሦስተኛውም ይመጣላታል፤ መካከለኛው ግን የለም። ፍሩመት እዚያች ቦታ ስትደርስ ከንፈሯን ገጥማ በአፍንጫዋ ታልፋታለች፣ ድልድዩ የተሰበረበትን ወንዝ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ እንደሚሻገር መንገደኛ። ዜማው አይጎድልም፤ ቃሉ ነው የጎደለው። ግጥሙን የገጠመችው ደግሞ ራሷ ናት። የገዛ ቃሏን ከገዛ አፏ ማን እንደወሰደባት አታውቅም። በጀርመኖች ካምፕ አብረዋት ከነበሩት ሴቶች አንዷ ስትወድቅ ይሆን፣ ወይስ ፀጉሯን ሲላጯት፣ ብቻ አንድ ቀን ፈለገችው፤ አልነበረም።

ጦርነቱ ካለቀ ዓመት ሊሞላው ነው። ፍሩመት በሎድዝ ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሼይንድል ጋር አንዲት ክፍል ተጋርታ ትኖራለች። ሼይንድል ገበያ ውስጥ በጨው የተዘፈዘፈ ዓሣ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከበርሜሏ የሚበልጥ መበለት ናት። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ። አንደኛው ወንበር ላይ ግን ፍሩመት ከገባች ጀምሮ ሰው አልተቀመጠበትም፤ ካፖርት ይሰቀልበታል።

«አሁንም ቆመሽ?» ትላታለች ሼይንድል፣ የድንች ሾርባዋን እያማሰለች። «ወንበሩ ምን በደለሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ተቀመጪበታ! አንቺ ቆመሽ ስትውጪ እኔን ነው የሚያንቀኝ። ልክ እንደ ፈረስ!»

«ፈረስ ቆሞ ሲበላ ማን ይስቅበታል?»

«ፈረስ ወንበር የለውማ፣ አንቺ!»

ፍሩመት ሳህኗን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፋ ትጨርሳለች፤ አጥባ ትሰቅላለች። እንዲህ ሆነው ወራት አለፉ። አንድ ቀን ብቻ፣ ሼይንድል ቀልዱን ስታበዛባት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች ነገረቻት።

«ልጄ ሞታ ከሆነ ቦታዬ መሬት ነው፤ ለቅሶ እቀመጣለሁ። በሕይወት ካለች ቦታዬ ወንበር ነው፤ እንደ ሰው እበላለሁ። የቱ እንደሆነ የነገረኝ የለም። እስኪነግሩኝ እቆማለሁ።»

ሼይንድል ማማሰያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ቀልዱን አልተወችም፤ ድምፅዋን ግን ቀነስ አደረገችው።

ልጅቷ ሚሬለ ትባል ነበር። የብሮዝካ መንደር ልጅ ናት፤ ብሮዝካ ማለት አንድ ወፍጮ፣ አንድ ምኩራብ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የቀረው ጭቃ ነው። አባቷ ሌይብል ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር፤ ቅንድቡ ሁልጊዜ ነጭ ስለሆነ ሚሬለ ሽማግሌ ነው ብላ ታምን ነበር። እውነተኛ ሽማግሌ ለመሆን አልበቃም። ጀርመኖች ሰፈራቸውን በአጥር በዘጉባቸው በሁለተኛው ክረምት ተስቦ ወሰደው። ያን ጊዜ ፍሩመት ወግ ደርሷት ነበር፤ ቀኑን ታውቃለች፣ መቃብሩን ታውቃለች፣ የዱቄት ሣጥን ገልብጣ ሰባቱን የለቅሶ ቀን ተቀምጣለች። ለሐዘንተኛ የመጀመሪያውን ምግብ ሌላ ሰው ነውና የሚያመጣው፣ ጎረቤቷ እዝን ብላ የተቀቀለ እንቁላል ግማሹን አመጣችላት። ግማሽ የሆነው ሌላኛውን ግማሽ ለሌላ ሐዘንተኛ ስለሰጠች ነው።

ፋሲካ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በፋሲካ እርሾ የገባበት አይበላም፤ ቂጣ ግን የለም፣ የራሽን ዳቦ ብቻ አለ። ብዙዎቹ ጎረቤቶች እያለቀሱ ዳቦውን በሉ። ፍሩመት ግን ግትር ነበረች። ሌይብል ከሞተ በኋላ የቀራት ሀብት ግትርነቷ ነው። ሚሬለ እጇን ወደ ዳቦው ስትዘረጋ ቀስ ብላ መለሰችባት፣ የራሷን ድንች ጨምራ ሰጠቻት። «በፋሲካ እኔ ብዪ ካላልኩሽ ዳቦ አትበዪም። ሰማሽ?» አለቻት። ልጅቷም ሰማች። ሚሬለ አንድ ጊዜ የሰማችውን የማትረሳ ልጅ ነበረች፤ የፍሩመት ኩራቷ እሱ ነበር።

በመከር ወራት፣ ሕዝቡ ሁሉ ወደ አደባባይ ውጡ በተባለበት ማለዳ፣ ፍሩመት የልብስ ሰፊነት ካርድ ነበራት። ካርድ ያላቸው ወደ ሥራ ይወሰዳሉ ተባለ። ልጅ ያላቸው ግን ከልጃቸው ጋር ወደ ሌላው ሰልፍ። ሚሬለን በጎረቤት ምድር ቤት፣ ከበርሜል ጀርባ አስገባቻት። ስድስት ዓመቷ ነው።

«እዚህ ተቀመጪ። እስክመለስ እንዳትነሺ።»

«መቼ ነው የምትመለሺው?»

«ቶሎ።»

ከዚያ ቆማ ወጣች። እንግዲህ የሆነው ይኸው ነው፤ ልጇን ተቀመጪ ብላ እሷ ቆማ ወጣች።

ከጦርነቱ በኋላ ብሮዝካ ሄዳለች። ምድር ቤቱ አለ፤ በርሜሉም አለ። ውኃ የምትቀዳ አንዲት ሴት ብቻ ዓይኗን ሳታነሣ «አንዳንዶቹ ወደ ገጠር ሸሽተው ጎተራ ውስጥ ተደብቀው ነበር አሉ። አልቀዋል አሉ» አለቻት። የማን ጎተራ፣ እነማን፣ መቼ፣ አታውቅም። ሎድዝ ስትመለስ ረቢው ዘንድ ሄደች። ረቢው ደግ ሰው ነበሩ፤ ቀኑ ያልታወቀ ሙት ብዙ ስለሆነ መልሳቸው ተዘጋጅቷል። «አንድ ቀን ምረጪና ሻማ አብሪላት፣ ልጄ። ሕጉ ይፈቅዳል» አሏት።

«የልጄን ቀን እንደ ድንች ልምረጥ?» ብላ ወጣች።

ልቧ ያውቅ ነበር፤ ራሷን አላታለለችም። የምትፈልገው ቀኑን ብቻ ነው። ለሞተች ልጅ ልብስ አይሰፋላትም፣ ፀጉር አይጎነጎንላትም፤ የሚቀር አንድ ነገር ቢኖር በሙት ዓመቷ ቀን ማታ አንዲት ሻማ ማብራት ነው። እሷም በትክክለኛው ቀን።

ሥራውን የያዘችው ለዚሁ ነው። በከተማው የተረፉት ሰዎች ቃላቸውን የሚሰጡበት፣ ከየግድግዳውና ከየጉድጓዱ የወጡ ደብተሮች የሚሰበሰቡበት ቢሮ አለ። ፍሩመት የእጅ ጽሑፏ ያምራል፣ የተሟሟ ቀለም ታነባለች፤ ደብተር ገልባጭ አድርገው ቀጠሯት። የቢሮው ኃላፊ፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት ሬብ ዛይድማን የሚለው፣ የሳል ሰው፣ ጣቱ በቀለም የጠቆረ፣ አንድ ሕግ ብቻ ያለው ሰው ነበር።

«ያየሽውን ገልብጪ፣ እመቤት ፍሩመት። አታርሚ። ነጠላ ሰረዝ እንኳ አትጨምሪ። ሰውየው ከተሳሳተ ስህተቱም የራሱ ነው፤ ሌላ የቀረው ንብረት የለም።»

እሷም እንዲሁ አደረገች። የስንቱን ደብተር ገለበጠች! የሐኪሙን፣ የቆዳ ፋቂውን፣ ፍቅረኛዋን እስከ መጨረሻው ገጽ የምታማዋን ጉብል። እያንዳንዱን ደብተር ስትከፍት የልጇን ስም ትፈልጋለች፤ ስትዘጋው የሌላውን ሰው ሐዘን ይዛ ትወጣለች።

የዚያን ዓመት የፑሪም በዓል እሑድ ዋለ። በቢሮው የፓፒ ፍሬ የተሞላ ባለ ሦስት ማዕዘን ኬክ ተሰጠ፤ ፍሩመት የደረሳትን መስኮቱ አጠገብ ቆማ በላች። በዚያው ቀን ሬብ ዛይድማን አንድ የሸክላ ማሰሮ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ይሸታል።»

«የአሳማ ስብ ነው። አንዲት የገበሬ መበለት ከሉብሊን ወዲያ ተሸክማ አምጥታ በር ላይ አስቀምጣልን ሄደች። በውስጡ የአስተማሪ ደብተር አለ።»

«አስተማሪ? የኛ?»

«ሕፃናት ፊደል የሚያስቆጥር፣ ጥንቅቅ ያለ ሃይማኖተኛ። ሬብ ኢትሼ ነኝ ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ሳይነካው የኖረው ነገር ነው ደብተሩን ከውኃ ያዳነው። በሰማይ ቤት አሁን በዚህ ጉዳይ የሚከራከር ይመስለኛል» አለና ሳሉ እስኪያቋርጠው ሳቀ።

ሬብ ኢትሼ ከአምስት ሰዎች ጋር በአንድ ጎተራ፣ ከድርቆሹ በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነበር የጻፈው። ደብተሩ ቢያዝ ማንም እንዳይታወቅ የሰዎቹን ስም ለውጧል። ምላሰኛዋን አሮጊት «ሰናፍጭ» ይላታል። ገበሬው «ባለቤቱ» ነው። ከመንገድ ያገኟት አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ አለች፤ «የዝይ ጫጩቷ» ይላታል። ለምን እንዲህ እንዳላት አልጻፈም። ፍሩመት የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስትገለብጥ ፈገግ አለች፤ ሰውየው ከሰናፍጭ ጋር መጨቃጨቁን ከጸሎት እኩል ነው የያዘው።

*ሰናፍጭ ዛሬ «አንተ ሰውዬ፣ ስታንኮራፋ ጀርመን ይሰማል» አለችኝ። «እኔ አላንኮራፋም፣ የማስበው ጮክ ብዬ ነው» አልኳት። ጫጩቷ ሳቀች። ከመጣች የመጀመሪያ ሳቋ ነው።*

ሰኞ ጠዋት ፍሩመት ከቆመችበት ቀጠለች። የገልባጭ ዓይን ቃል አያነብም፤ ፊደል ነው የሚያነብ። እጇ ከዓይኗ ጋር እኩል ይሄዳል፤ ትርጉሙ ወደ ኋላ ቀርቶ ቆይቶ ነው የሚደርስ። እንዲህ እየሆነች ይህን ገለበጠች፤

*ጫጩቷ የድርቆሽ አሻንጉሊት ሠርታ ታስተኛታለች። የምትዘፍንላትን ጻፍኩት፣ ሌላ የምጽፈው ደስ የሚል ነገር ስለሌለኝ፤*

*ተኚልኝ እርግቤ፣ ወፍጮውም ተኝቷል፤*
*ዝይው ጫማ ገዝቶ፣ ጠቦት ተቀምጧል፤*
*አባትሽ ከገበያ ማር ይዞ ይመጣል።*

*«ደግሞ ዝይ ጫማ የሚያደርገው የት አገር ነው?» አልኳት። «እናቴ አገር» አለችኝ።*

መጀመሪያ እጇ ጻፈው፤ ከዚያ ነው ጆሮዋ የሰማው።

ዝይው ጫማ ገዝቶ፣ ጠቦት ተቀምጧል። የሚሬለ ጫማ በዚያ አጥር ውስጥ ጠቧት ነበር። የሚቀየር አልተገኘም። ማታ ማታ እግሯን እያሸች፣ ልጅቷ እንዳታለቅስ፣ ያን ስንኝ ከሌላው መሐል ሰካችው። ከሁለቱ በቀር ዓለም ላይ የሚያውቀው ሰው የለም።

አልጮኸችም። ብዕሯን ቀለም ነከረች፣ ደረቀባት፣ መልሳ ነከረች። ቀሪውን የደብተሩን ውፍረት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ቀጭን ነው። ገልጣ መጨረሻውን ማየት ትችል ነበር። አልገለጠችም። እዚህ ገጽ ላይ ልጇ በሕይወት አለች፤ አሻንጉሊት ታስተኛለች፤ የሚሰማት ሰው አላት። ገጹን ካልገለበጠች ሚሬለ እዚያው ትቀመጣለች፣ በድርቆሹ ውስጥ፣ ተቀመጪ እንደተባለችው። ፍሩመት ከዚህ ወዲያ ያለውን ወንዝ ማስቆም እንደማትችል ያውቅ የነበረው እጇ ብቻ ነው። እጇ ደግሞ ሥራው መገልበጥ ነው፤ ገለጠው።

ጫጩቷ ታስላለች። ጫጩቷ ዛሬ ደህና ናት። ጫጩቷ «ጋሜል» የሚለውን ፊደል በግድግዳው ጭቃ ላይ ጻፈች፣ ጥሩ ጽፋለች። ጫጩቷ ትኩሳት አላት። ፍሩመት እያንዳንዱን ፊደል በቀስታ ጻፈች፤ ልጇ ወደ ገደል ስትሄድ ከሩቅ ቆማ እንደምታይ እናት፣ ድምፅዋ እንደማይደርስ እያወቀች። ውኃ አፍሉላት! በጨርቅ ጠቅልሏት! ግን የሚሰማት ማን ነው? ያ ክረምት ካለቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ከዚያ ፋሲካ መጣ።

*ነገ ማታ የፋሲካ ዋዜማ ነው። ሰናፍጭ ዛሬ አቃጠለችኝ። «ፋሲካ በእንዲህ ያለ በረዶ? ኧረ ተው! ደግሞስ ዘንድሮ ከፋሲካው ወር ከኒሳን በፊት ሁለተኛ አዳር፣ ያ ትርፉ ወር፣ የለበትም ወይ? ምራቴ ባለፈው ሁለተኛ አዳር ባለበት ዓመት ነው ያገባችው፣ እኔ እቆጥራለሁ» ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት ለሕፃናት የወራት ቁጥር ያስተማርኩ ሰው ነኝ! «አንቺ ድንች ቁጠሪ» አልኳት። ባለቤቱም «የእኛ የክርስቲያኖች የፋሲካ ጾም ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው» ይላል፤ የእነሱ አቆጣጠር ግን የእነሱ ነው።*

*እሑድ፣ የፋሲካ መጀመሪያ ቀን። ሌሊቱን በድንች አከበርን። ከሁላችን ትንሿ ስለሆነች፣ እንደ ልማዱ የፋሲካ ሌሊቱን ጥያቄ የጠየቀችው ጫጩቷ ናት፤ አንድም ቃል አልሳተችም። ማን እንዳስተማራት እንጃ፣ እጁ ይባረክ።*

*ሰኞ። ባለቤቱ ሙሉ ዳቦ አመጣ። ከገባን ጀምሮ ሙሉ ዳቦ አይተን አናውቅም። «ነፍስ ለማዳን ሕጉ ይፈቅዳል፣ እንዲያውም ያዛል» አልኩና እንዲያዩኝ ብዬ አስቀድሜ ጎረስኩ። ሰናፍጭ እያለቀሰች በላች። ጫጩቷ ብቻ አፏን ገጠመች። «እናቴ በፋሲካ እኔ ብዪ ካላልኩሽ አትበዪም ብላኛለች።» «እናትሽ እዚህ ብትኖር ትፈቅድልሽ ነበር» አልኳት። «እሺ፣ ስትመጣ እጠይቃታለሁ» አለችና ድርሻዋን ከድርቆሹ ሥር አስቀመጠች። ሌላ ነገር ሞከርኩላት። ድንች ጥቂት ቀመሰች። ትኩሳቱ በርትቷል።*

*ማክሰኞ፣ የፋሲካ ሦስተኛ ቀን፣ ኒሳን 17። ጫጩቷ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈች። ባለቤቱ በሸክም አውጥቶ ከፒር ዛፉ ሥር ቀበራት። ለሙት ጸሎት የሚያስፈልጉት ዐሥር ወንዶች ስለሌሉን ጸሎቱን ብቻዬን አልኩት። ዳቦው አሁንም ከድርቆሹ ሥር አለ፤ የሚነካው ሰው አልተገኘም።*

ፍሩመት «አልተገኘም» የሚለውን ጽፋ አራት ነጥብ አደረገች። ደብተሩ ላይ አራት ነጥቡ አልነበረም። መጀመሪያ ጊዜዋ ነው ሕጉን ስትጥስ።

ስንት ሰዓት እንደቆየች እንጃ። ሬብ ዛይድማን ደጋግሞ ሲስል ሰማችው፤ ቀና ስትል ከኋላው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዓመቱ ቀን መቁጠሪያ ታያት። ሁለተኛ አዳር ይላል። ዓመቱ ዐሥራ ሦስት ወር ያለበት ዓመት ነው።

«ሬብ ዛይድማን» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «የዛሬ ሦስት ዓመትም ሁለት አዳር ነበረ?»

ዛይድማን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ለምን ፈለግሽው?»

«ነበረ ወይ?»

ከመደርደሪያው ላይ የቆየ ቀን መቁጠሪያ አውርዶ ገለበጠ። «ነበረ። ዐሥራ ሦስት ወር።» ከዚያ የገለበጠችውን ገጽ አስጠግቶ አነበበ፤ ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ እያስኬደ ቆጠረ። «ሰውየው ሁለተኛውን አዳር ዘሎታል። እነሱ ፋሲካ ብለው ያከበሩት…»

«የትኛው ቀን ነው?»

«ፑሪም ነው፣ እመቤት ፍሩመት። እሑዱ ፑሪም ነበረ።»

ፑሪም መብል ነው፤ ደግሶ መብላት ግዴታ የሆነበት ቀን ነው። በጠረጴዛው ጥግ ትናንት የተረፈች አንዲት ኬክ ወረቀት ላይ ተቀምጣለች።

«ዳቦው ይበላ ነበር» አለች ፍሩመት።

«የትኛው ዳቦ?»

«ጫጩቷ የእኔ ናት። ሚሬለ ናት። ዳቦው ይበላ ነበር። ፋሲካ አልነበረም።»

ዛይድማን እንድትቀመጥ ወንበር ሳበላት፤ ተቀምጣ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ሁለቱም ያስተዋሉት። የማትቀመጠው ለመብል እንጂ ለሥራስ ትቀመጥ ነበር።

«ትኩሳት ነው የገደላት» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ቁራሽ ዳቦ አያድናትም ነበር። እዚሁ ላይ ተጽፏል።»

«ተጽፏል። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እጇን ከዳቦ የመለስኩትም እኔው ነኝ።»

ዛይድማን ወደ ቀን መቁጠሪያው ዞረ። መልሶ ቆጠረ። «አዳር ዐሥራ ስድስት ነው ቀኗ። የሁለተኛው አዳር ዐሥራ ስድስት፤ የመጀመሪያውን አዳር ከሠላሳው አንድ ቀን አጉድሎ ስለቆጠረ።» ግድግዳውን ተመለከተ። «ዛሬ ዐሥራ አምስት ነው። ፀሐይ ስትገባ ይጀምራል።»

በረቢው ምክር ቢሆን በሌላ ወር ያልፍ ነበር። በመምህሩ ደብተር ቢሆን ከወር በኋላ ታበራው ነበር። ቀኗ ግን ዛሬ ማታ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

«መርዶ የዘገየበት ሰው ሰባት ቀን አይቀመጥም» አለ ዛይድማን፣ ራሱ ያወጣው ሕግ ይመስል እያፈረ። «አንድ ሰዓት ብቻ ነው።»

«ሦስት ዓመት ቆሜ፣ አንድ ሰዓት?»

«ሕጉ እሱ ነው።»

ካፖርቷን ስትለብስ ዛይድማን የገለበጠችውን ገጽ ያዘ። «ስሚ፣ ለአንድ ቀን የራሴን ቃል ልጣስ። ኒሳን 17 የሚለውን ሰርዘሽ እውነተኛውን ቀን ጻፊበት። እኔ አላየሁም።»

ፍሩመት በሩ ላይ አሰበችበት። መምህሩ ስህተቱን ሳያውቅ ነው የሞተው፤ ደብተሩ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ገጽ ሄዶ ይቆማል። ልጅቷም ፋሲካ ነው ብላ፣ ጥያቄዋን አንድ ቃል ሳትስት ጠይቃ ነው የሞተችው።

«አይሆንም» አለች። «ስህተቱ የእሱ ነው። ተወው፤ ሌላ የቀረው ንብረት የለም።»

ፀሐይ ከፋብሪካዎቹ ጢስ መውጫ በስተኋላ ስትወርድ ቤት ደረሰች። ሼይንድል ከገበያ ገብታ ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

«ፈረሴ መጣች! ዛሬ ምን…» ብላ ጀመረችና ፊቷን አይታ ቃሏን ዋጠችው።

ፍሩመት የሻማ ጉማጅ ከኪሷ አውጥታ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ሁልጊዜ ሳህኗን በምታስደግፍበት ቦታ፣ አቆመችው። አበራችው። ከዚያ የከሰል ሣጥኑን ገለበጠች። ጫማዋን አወለቀች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፤ ሐዘንተኛ ጫማ አያደርግም። በካልሲዋ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ቆማ ቀረች። ጉልበቷ እንዴት እንደሚታጠፍ የረሳው ይመስል ነበር።

«ሼይንድል፣ አወቅሁ» አለች። «ዛሬ ነው።»

ሼይንድል መጥታ በሁለት እጇ ትከሻዋን ይዛ፣ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ቀስ አድርጋ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠቻት። የዓሣ ጨው የሸተተ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ሻሿን አጠለቀችና ወጣች፤ ደረጃውን ስትወርድ በየበሩ እየመታች፣ ዓሣዋን ስትሸጥ እንደምትጮኸው እየጮኸች ሲሰማ ነበር። «እንቁላል ያለው ሰው! አንድ እንቁላል! ኧረ እናንተ የሞታችሁ፣ እዝን ነው!»

ስትመለስ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ቁራሽ ዳቦ በሳህን ይዛ ነበር። እንቁላሉ ሙሉ ነው። ግማሽ አይደለም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሳህኑን ጭኗ ላይ አደረገችላት።

ፍሩመት እንቁላሉን አየችው። ዳቦውን አየችው። ሳህኑን ወደ ጎን ልታደርገው እጇ ተነሣ።

«ዳቦውን ውሰጂው» አለች በሹክሹክታ። «አልችልም።»

«ምነው? ትኩስ ነው። ከሁለተኛ ፎቅ ነው የወሰድኩት፣ ገና ከመጋገሪያ የወጣ።»

«ልጄ… ፋሲካ ነው ብላ…» ቀሪው አልወጣላትም፤ በቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ነገረቻት። ጎተራውን፣ መምህሩን፣ ሁለተኛውን አዳር፣ ከድርቆሹ ሥር የቀረውን ዳቦ። ሼይንድል ስትሰማ አፏን በመዳፏ ይዛ ነበር። ሻማው ጥቂት አጠረ። የቀራት ሰዓት እንደ ሻማው ነው።

ኋላ ሼይንድል ዳቦውን ከሳህኑ አንሥታ እጇ ላይ አደረገችላት።

«እኔ የተማርኩ ሴት አይደለሁም» አለች። «ግን ዛሬ አዳር ነው፣ ኒሳን አይደለም። ፋሲካ ሊደርስ ወር ይቀረዋል። ስትመጣ እጠይቃታለሁ አላለችም? እንግዲህ ጠይቃሻለች።»

ፍሩመት ዳቦውን በእጇ ያዘችው። ከንፈሯ ውስጥ ዜማው ሳይጠራ መጣ፤ ወፍጮው ተኛ፣ ዝይው ጫማውን ገዛ፣ ጠበበው፣ ተቀመጠ። በድንጋይ የምትዘለው ወንዝ የለም። ድልድዩ ቆሟል፤ ከማዶ ግን የሚጠብቅ ሰው የለም።

«ብዪ፣ የኔ እርግብ» አለች። «ዛሬ ይበላል።»

ጭንቅላቷን አቀረቀረች፣ በሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠች፣ ቆረሰችና ጎረሰች።